መርዶ በፖስታ አይላክም

እባካችሁ ለሰው አትንገሩብኝ እንጂ፣ ባለፈው ሰሞን ስማቸውን እንኳ ለማላውቀው ሰው ስቅስቅ ብዬ አልቅሻለሁ።

የጓደኛዬ አጎት አርፈው ለለቅሶ ባሕር ዳር ሄድኩ። “ዓባይ ማዶ ነው፤ ድልድዩን ተሻግረሽ ድንኳን የተጣለበት ቤት” አሉኝ። ተሻገርኩ፤ ድንኳን አየሁ፤ ነጠላዬን አዘቅዝቄ ገባሁ። “እንደ አባቴ ነበሩ! ከእንግዲህ ማን ይመክረኛል!” እያልኩ ሳስነካው፣ አጠገቤ የተቀመጡ አሮጊት በክርናቸው ጎሸም አደረጉኝ።

“የኔ ልጅ፣” አሉኝ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ “ያረፉት እኮ ወይዘሮ ወለተ ሩፋኤል ናቸው።”

የእኔ ድንኳን ለካ ሦስት አጥር አልፎ ኖሯል! ልነሣ ብል ሰው ያየኛል፤ ልቀመጥ ብል እንባዬ ደርቋል።

“ተይው፣ እንባ ባክኖ አያውቅም” አሉኝ አሮጊቷ። “ይልቅ እኔን እዪ። እኔ ለገዛ ወንድሜ ማልቀሴን በወረቀት ስሸፋፍን የኖርሁ ሰው ነኝ።”

እንዲህ ያለ ነገር ሰምቼ ዝም ብዬ እንደማልመለስ ታውቁኛላችሁ። በማግሥቱ ቤታቸው ሄድኩ። እማማ ፅጌ ማርያም ይባላሉ። በደርግ ጊዜ፣ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ፣ ሃምሳ ካለፋቸው በኋላ ፊደል የቆጠሩ ናቸው። ደብዳቤ ሲጽፉ መጀመሪያ ደብተራቸው ላይ ይሞክሩና ኋላ በንጹሕ ወረቀት ይገለብጡታል። ስለዚህ የላኩትም የተላከላቸውም እቤታቸው አለ። የሚጻጻፉት ከወንድማቸው ልጅ ከሸጊቱ ጋር ነበር። ሸጊቱ ያን ጊዜ ሶቪየት ኅብረት፣ ኦዴሳ ከተማ እርሻ ትማራለች። እናቷ በወሊድ ስለሞቱ ያሳደጓት እማማ ፅጌ ናቸው። አባቷ መሪጌታ መርስዔ ኀዘን ደግሞ ጣና ላይ፣ ሴት በማትረግጥበት ደሴት ባለ ገዳም፣ የዜማ መምህር ነበሩ።

አንድ ነገር ልንገራችሁና ከዚያ እነሱ ያውሩ። የመጀመሪያው ደብዳቤ ሲጻፍ፣ እማማ ፅጌ ቤት ለመሪጌታ ለቅሶ ከተቀመጠ አርባ ስድስት ቀን ሆኖታል። ልጅቷ አልሰማችም። በእኛ ወግ መርዶ በፖስታ አይላክም፤ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ጎሕ ሳይቀድ በር አንኳኩቶ ነው የሚያረዳው። ኦዴሳ ላይ በር የሚያንኳኳ ማን አለ?

*

ባሕር ዳር፣ ጥር 6 ቀን 1977 ዓ.ም.

ለምወድሽና ለምሳሳልሽ ለሸጊቱ መርስዔ ኀዘን፤

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኔ ከናፍቆትሽ በቀር ምንም አልሆንሁ። የደሴቱ ታቦት ባለሽበት በክንፉ ይሸፍንሽ።

ይህ ጽሕፈት የራሴ ነው፤ አትሳቂ። እስከ ዛሬ እኔ እየተናገርሁ አባትሽ ነበሩ የሚጽፉልኝ። አሁን ግን የምስክር ወረቀት ተሰጥቶኝ ሳለ የሰው እጅ ለምን እለምናለሁ ብዬ ነው።

ጋሼ ደህና ናቸው። ሰላም ብለውሻል። ደሴቱ ላይ ሥራ በዝቶባቸው ነው እንጂ ከሥር ይጨምሩልሽ ነበር። ባለፈው ላኪልኝ ያሉሽን መነጽር አሁን አትቸኩዪበት፤ ይቆይ። ጎረቤት ሁሉ ደህና ነው። የወለተ ሚካኤል ላም ወለደች። ጥምቀትም ደረሰ፤ እኔ ዘንድሮ አልወጣም፣ ጉልበቴን ያመኛል። በላክሽው ፎቶ ላይ ከስተሽ አየሁሽ። ብዪ እንጂ።

አክስትሽ ፅጌ ማርያም

*

ኦዴሳ፣ የካቲት 17 ቀን 1977 ዓ.ም.

ለማከብርዎና ለምወድዎ ለእትዬ ፅጌ፤

እንደምን ከረሙ? እኔ ለፈጣሪ ምስጋና ይግባው፣ ከብርዱ ጋር እየታገልኩ አለሁ። ባሕሩ ዳር ዳሩን በረዶ ሆኗል ብል ያምኑኛል? ሰው ይሄድበታል።

የእጅዎን ጽሕፈት ሳይ ከአልጋዬ ዘልዬ ወረድኩ። አብራኝ የምታድረው የቬትናም ልጅ “ምን ሆንሽ?” ብትለኝ “አክስቴ ጻፈችልኝ!” አልኳት። ምን እንደሚያስደንቅ አልገባትም። አገሯ ሁሉም አክስት ይጽፋል መሰለኝ።

ግን አባባ ምነው? እርስዎ ተናግረው ሲጨርሱ ከሥር በቀይ ቀለም አንዲት መስመር ሳይጨምሩ ፖስታ አሽገው አያውቁም ነበር። “ቀለም ቅመሺ፣ ግን ሾርባውንም አትተዪ” የሚሉት ዓይነት። ሥራ ቢበዛባቸውስ ለቅዳሜ ገበያ አይሻገሩም? መነጽሩንስ ለምን አልቸኩልበትም? ባለፈው ሲጽፉልኝ “ድጓው ፊደሉ ጉንዳን መስሎ ታየኝ” ብለው ነበር። እኔ ገዝቼዋለሁ።

ደግሞ እርስዎ ጥምቀት ይቀራሉ? ጉልበቴ ቢቆረጥ በቃሬዛ ውሰዱኝ የሚሉ ሰው!

ልጅዎ ሸጊቱ

*

ባሕር ዳር፣ መጋቢት 24 ቀን 1977 ዓ.ም.

ለልጄ ለሸጊቱ፤

ጾሙን እንደምን ይዞሻል? እዚያ ጾም እንደሌለ አውቃለሁ፤ በልብሽ ጹሚ። እኔ ደህና ነኝ።

ደብዳቤሽ ደረሰኝ። ፖስታው ተከፍቶ እንደገና ተለጥፎ ነው የመጣ። ስለዚህ ልጄ፣ ስትጽፊ አስቢበት።

ጋሼ ሱባኤ ገብተዋል። ጾሙ ሳይፈታ ከደሴቱ አይወጡም። እዚያ ሴት እንደማትረግጥ ታውቂያለሽ፤ ሄጄ አላያቸው ነገር! ወሬያቸውን የሚያመጣልኝ ያ ታንኳ ሠሪው ቡርሀን ነው። ትናንት እንኳ መጥቶ “መሪጌታ ፊታቸው በርቷል” አለኝ። ቀይ ቀለሙ አልቆባቸው ይሆናላ፤ ቀለም ማጣት አዲስ ነው?

ጥያቄ አበዛሽ። ስለ ትምህርትሽ ጻፊልኝ። እዚያ ያለው ስንዴ እንዴት ያለ ነው? የእኛው ዓይነት ነው ወይስ ሌላ?

አክስትሽ ፅጌ ማርያም

*

ኦዴሳ፣ ሚያዝያ 30 ቀን 1977 ዓ.ም.

ለእትዬ ፅጌ፤

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረስዎ። ስንዴው የእኛው ዓይነት ነው፤ አገዳው ብቻ አጠር ይላል።

ጾሙም ተፈታ፣ ፋሲካም አለፈ። ከአባባ ግን አንዲት ቃል የለም።

ከማን እንደሰማሁ አልነግርዎትም እንጂ፣ አባባ ቀኝ እግራቸው ላይ ቁስል ወጥቶባቸው መቋሚያ ተደግፈው እንኳ መቆም አቅቷቸዋል አሉ። ማኅሌት ቆመው ማደር ትተዋል አሉ። እውነት ነው? ነው ወይ የደበቁኝ? መድኃኒት ከዚህ መላክ እችላለሁ፤ ቁስሉ ደረቅ ነው ወይስ መግል የያዘ? ከጉልበት በላይ ነው ወይስ በታች? እንደደረሰዎ ይጻፉልኝ።

ሸጊቱ

*

ባሕር ዳር፣ ሰኔ 12 ቀን 1977 ዓ.ም.

ለምሳሳልሽ ለሸጊቱ፤

እንደምን አለሽልኝ? እኔ ደህና።

እግዚአብሔር ይመስገን፣ የጋሼ እግር ሽሯል! አንቺን ላለማስጨነቅ ብዬ ነው ያልጻፍሁ። ከጉልበት በታች ነው የነበረ። ወለተ ሚካኤል የወቀጠችውን ቅጠል አስረንበት፣ ጠበልም ተጨምሮበት፣ በሳምንቱ ደረቀ። አሁን ያለ መቋሚያ ይራመዳሉ። መድኃኒት አትላኪ።

ማን እንደነገረሽ ግን ንገሪኝ። ወሬ አመላላሽ አለ ማለት ነው። እኔ ማን እንደሆነ ጠርጥሬአለሁ፤ ስሙን አልጽፍም።

አክስትሽ ፅጌ ማርያም

*

እዚህ ላይ ስደርስ ቀና ብዬ እማማ ፅጌን አየኋቸው። ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

“ምን ላድርግ?” አሉ። “ታመመ ለተባለ ሰው ተሽሎታል ይባላል። እኔ መች አሰብሁት? እጄ ነው የጻፈው።”

የልጅቷ መልስ ሦስት መስመር ነው።

*

ኦዴሳ፣ ሐምሌ 20 ቀን 1977 ዓ.ም.

ለወይዘሮ ፅጌ ማርያም፤

አባባ እግራቸውን ታመው አያውቁም። ወሬውን ማንም አልነገረኝም፤ እኔ ራሴ ነኝ የፈጠርኩት። አሁን እውነቱን ይንገሩኝ።

ሸጊቱ መርስዔ ኀዘን

*

“ወይዘሮ” የምትለዋን አያችሁ? ያሳደጓትን አክስቷን! እማማ ፅጌ ለዚህች ደብዳቤ መልስ አልጻፉም። ይልቅ ኦዴሳ ለሚማር የመሸንቲ ልጅ፣ ሣህሉ ለሚባል ዕድሜው ከፍ ያለ ተማሪ ጻፉ። ሣህሉም የአገሩን ልጆች ሰብስቦ፣ በመስከረም 1978 አንድ ማለዳ፣ ጨለማው ሳይገፈፍ የሸጊቱን በር አንኳኳ። በወጉ። ልጅቷ ተረዳች። አለቀ ትላላችሁ። እኔም እንደዚያ ነበር ያልኩት።

*

ኦዴሳ፣ ጥቅምት 3 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለእትዬ ፅጌ ማርያም፤

ሣህሉና ስድስት ልጆች ሳይስቁ ሲገቡ አወቅኩ። “አባትሽ ባለፈው ኅዳር ዐርፈዋል” አሉኝ። እነሱ አለቀሱ። የቬትናሟ ልጅ እንኳ ቃሉ ሳይገባት አለቀሰች። እኔ አላለቀስኩም። ድንጋይ ሆኜ አይደለም። አላመንኩም።

እትዬ፣ “ደህና ናቸው፣ ፊታቸው በርቷል፣ እግራቸው ሽሯል” ያሉኝ እርስዎ ነዎት። ለሞተ ሰው ደህና ነው ብሎ የጻፈ እጅ፣ ለደህና ሰው ሞተ ብሎ ቢጽፍ በምን እለየዋለሁ? አባባ እኔ ከመምጣቴ በፊት ሁለት ጊዜ ቀበሌ ተጠርተው ነበር። በሦስተኛው ተጠርተው የቀሩ እንደሆነስ? ልጅቷ ባዕድ አገር ሆና ከምትጮህና ራሷን ከምታስይዝ፣ ሞቱ ብንላት ይሻላል ብላችሁ እንደሆነስ?

ምን ታመው ሞቱ? ማን ገነዛቸው? የት ተቀበሩ? ተዝካራቸውስ መቼ ወጣ? አራት ጥያቄ ነው። አራት መልስ እጠብቃለሁ።

ሸጊቱ

*

ባሕር ዳር፣ ኅዳር 25 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለልጄ ለሸጊቱ፤

ነፍስ ይማር ትዪኛለሽ ብዬ ስጠብቅ እንደ መርማሪ ትጠይቂኛለሽ? በሕይወት ያለ ወንድሟን በአፏ የምትገድል እኅት የት አገር አለች? እንዲህ ያለ ወረቀት ስትጽፊ ደግሞ የማነበው እኔ ብቻ እንዳልሆንሁ አትርሺ። እኔ እዚህ ነው የምኖር።

ሕመማቸው የአንድ ቀን ነው። ካህናቱ ገነዟቸው። የተቀበሩት ደሴቱ ላይ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ በስተምሥራቅ፣ ወይራው ሥር ነው። ተዝካራቸው እንደ አቅሚቲ ወጥቷል። ባለፈው ሳምንት ሙት ዓመታቸው ነበር። መቃብራቸው ላይ ያለውን ድንጋይ ሳምሁት፤ ላንቺም ሳምሁልሽ። ቀዝቃዛ ነው።

አሁን አልቅሺና ይውጣልሽ። አንቺ ካላለቀስሽ እኔም አይወጣልኝም። ቡርሀን የሚሉትን ሰው ግን ወደፊት እንዳታነሺብኝ፤ ከሱ ጋር ቃል የለንም። ያችን ታንኳ ለጋሼ ማን እንደሰጠ እሱ ይጠየቅ።

አክስትሽ ፅጌ ማርያም

*

ኦዴሳ፣ ጥር 15 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለእትዬ ፅጌ፤

ይህን ደብዳቤ ለፖስታ ቤት አልሰጠሁም። ሣህሉ ትምህርቱን ጨርሶ እየገባ ነው፤ በእጁ ነው የሚሰጥዎ። ስለዚህ እንደ ልቤ እናገራለሁ።

የላኩልኝን አሥር ጊዜ አነበብኩት። ሴት በማትረግጥበት ደሴት ገብተው ድንጋይ ሳሙ? ውሃው ላይ ሆነው አንገትዎን አስረዝመው ካልሆነ በቀር! ሕመማቸው የአንድ ቀን ከሆነስ ታንኳው ምን አገባው? ባለፈው ዓመት ወሬያቸውን ያመጣልኛል ያሉኝን ቡርሀን፣ ዘንድሮ ቃል የለንም የሚሉት ከመቼ ጀምሮ ነው? እትዬ፣ መዋሸት አይችሉበትም። ያሳደጉኝ እርስዎ ነዎት፤ እኔም ብሆን አልችልበትም።

ዓመት አለፈኝ። ጥቁር ልልበስ እላለሁ፣ በቁማቸው ያሟረትኩባቸው ይመስለኛል። ቀይ እለብሳለሁ፣ በመቃብራቸው ላይ የዘፈንኩ ይመስለኛል። ምግብ አዳራሽ ውስጥ ልጆቹ ሲስቁ፣ እኔ ልሳቅ ወይስ አልሳቅ ብዬ ፊታቸውን አያለሁ። እንዲህ ሆኖ መኖር አቃተኝ።

አባባ በሕይወት ካሉና መጻፍ የማይቻል ከሆነ፣ ምንም ያልተጻፈበት ነጭ ወረቀት አሽገው ይላኩልኝ። ከእኔ በቀር ማንም አይገባውም። ከሞቱ ደግሞ ሁሉንም ይጻፉ። በመካከል ያለ ነገር ግን አይላኩልኝ፤ ሳልከፍተው እቀደዋለሁ።

ሸጊቱ

*

ሣህሉ ይህን ያደረሰው በየካቲት ነው። እማማ ፅጌ ሁለት ወር ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ዝም አሉ።

ዝም እንኳ አላሉም፤ ልዋሻችሁ አልፈልግም። ነጭ ወረቀት አጥፈው ፖስታ ውስጥ ከተው፣ አድራሻ ጽፈውበት፣ ፖስታ ቤቱ ደጃፍ ድረስ ሄደዋል። “ለምን?” ብላቸው፣ “ተስፋ አድርጋ ትኑር ብዬ ነዋ” አሉኝ። “አንድ ወረቀት እኮ ነው። ያውም ምንም ያልተጻፈበት። ውሸት እንኳ አይባል።” በረንዳው ላይ ግማሽ ቀን ተቀምጠው ተመለሱ።

ቀጥሎ ያለውን ደብተራቸው ላይ አየሁት። ከሁሉም ስርዝ ድልዝ የሌለበት እሱ ብቻ ነው።

*

ባሕር ዳር፣ ሚያዝያ 12 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለልጄ ለሸጊቱ፤

እንደምን አለሽ አልልሽም፤ ነግረሽኛል። እኔም ደህና ነኝ አልልሽም።

ነጭ ወረቀት አልላክሁም። ይኸው ሙሉ ነው። እንዲህ ያለ ነገር በወረቀት አይነገርም ነበር፤ እኔ ግን እነግርሻለሁ። ፖስታ የሚከፍተው ሰውም ያንብበው፤ እሱም አክስት ይኖረዋል።

ባለፈው ዓመት ኅዳር 20፣ ለጽዮን ዋዜማ፣ ጋሼ ወደ ደሴቱ ሊሻገሩ ወደ ውሃው ወረዱ። ቡርሀን “መሪጌታ፣ ይህች ታንኳ ከሰኞ ጀምራ ውሃ ጠጥታለች፤ ፀሐይ ላይ ቁማ ትድረቅ። ነገ በማለዳ በአዲሷ አደርስዎታለሁ” አላቸው። የታንኳ ደንገል ውሃ ሲጠግብ እንዴት እንደሚከብድ ታውቂያለሽ፤ እዚሁ ነው ያደግሽ። እሳቸውም እሺ ብለው ወደ ቤት ተመለሱ። ላንቺ ልጽፍ ነው ብለው ቀለማቸውን አወጡ።

ያላስቀመጥኋቸው እኔ ነኝ። “መሪጌታ ዋዜማ አስታጎሉ ይባላል! ለአንዲት መሻገሪያ ውሃ ፈርተው ቀሩ ይባላል! እኔስ በምን ዓይኔ ነው ቤተ ክርስቲያን የምሳለም?” አልኋቸው። ጋቢያቸውንና መቋሚያቸውን አነሡና ወጡ። ቡርሀን ዐስር ሊሰግድ ገብቶ ነበር። ራሳቸው ገፍተዋት ሄዱ። ወደ ማታው ላይ ነፋሱ ተነሣ።

ታንኳዋን በሦስተኛው ቀን ዳር ከበቀለው ደንገል ሥር አገኟት። እሳቸውን አላገኙም። ዋናተኛ ገባ፣ መረብ ተጣለ፣ የለም። ወይራውም፣ መቃብሩም የለም። የሳምሁት ድንጋይ የለም፤ ቅዝቃዜውን ብቻ አልፈጠርሁትም።

ልብሳቸውን ዘርግተን አለቀስን። በሰባተኛው ቀን የቀበሌው ሊቀመንበር መጣ። “ሬሳ የሌለው ለቅሶ ምን ማለት ነው? ሰውዬው ወዴት ነው የተሻገረው?” አለ። ካህናቱም “አስከሬን ሳናይ ፍትሐቱ ይቆየን” አሉ። ተዝካርም አልወጣም። እንግዲህ ለሊቀመንበሩ ሞተዋል ብዬ እጮሃለሁ፤ ላንቺ ደህና ናቸው ብዬ እጽፋለሁ፤ ብቻዬን ስሆን ደግሞ በር ሲንኳኳ እሳቸው ናቸው ብዬ ዘልዬ እነሣለሁ። ሦስቱም እኔ ነኝ። አንቺ ከኦዴሳ የጠረጠርሽውን እኔ እዚህ ቁጭ ብዬ ጠርጥሬዋለሁ። አንዳንድ ቀን ሊቀመንበሩ እውነቱን በሆነ፣ ተሻግረው በሆነ እላለሁ። የሞቱ እንደሆነ የላክኋቸው እኔ ነኛ።

በቡርሀን ላይ የሠራሁት ግን ከዚህም ይብሳል። “ያረጀች ታንኳ ሰጥቶ ወንድሜን አሰጠመብኝ” ብዬ በለቅሶው መካከል አወጣሁበት። ሰው ከሱ ታንኳ መግዛት ተወ። እሺ ብለው የተመለሱ ሰው ካለ ነገር እንዳልወጡ እሱ ያውቃል፤ ማን እንዳስወጣቸውም አያጣውም። አንድም ቀን ከአፉ አላወጣውም። ባለፈው ቅዳሜ ገበያ ውስጥ ሚስቱ ሸሪፋ መንገድ ዘጋችብኝ።

“እትዬ ፅጌ፣” አለችኝ፣ “ባሌ እስከ መቼ ነው የእርስዎን ሬሳ የሚሸከመው?”

ሰው ሁሉ ያየን ነበር። የያዝሁትን በርበሬ እዚያው ጥዬው ሄድሁ።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ድንጋይ በአንገቴ ተሸክሜ ደጃፋቸው ቆምሁ። ቡርሀን ወጣ። ድንጋዩን ከአንገቴ አወረደና “ይህን የሚያህል ነው እንዴ? በዚህ ዕድሜዎ! ይግቡ” አለኝ። ሸሪፋ ኋላ ውሃ ሰጠችኝ።

ከዚያ ቡርሀን በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወጣ። ዘንድሮ ጣና ክፉኛ ሸሽቷል። በዘንዘልማ በኩል ደንገሉ ከሥሩ ደርቆ ሰው ገብቶበት የማያውቅ ቦታ ተገልጧል። እዚያ አንድ ዓሣ አስጋሪ የመቋሚያ ራስ አግኝቶ ለሱ አምጥቶለት፣ እሱም ሊቀመንበሩን ፈርቶ ለማንም ሳያሳይ አስቀምጦታል። አየሁት። ቀንድ ነው። በአንድ ወገን ተሰንጥቆ በሽቦ ታስሯል። ሽቦውን ያሰርሁት እኔ ነኝ።

የዳግማይ ትንሣኤ ማግሥት፣ ሰኞ፣ ቡርሀን በአዲስ ታንኳ ይወስደኛል። አባ ገብረ ኪዳንም ልብሰ ተክህኖአቸውን ይዘው አብረውን ሊመጡ እሺ ብለውኛል። ደንገሉን እየገለጥን እስከ ማታ እንፈልጋለን።

ልጄ፣ ይቅር በዪኝ አልልሽም፤ እሱ በኋላ የሚሆን ነው። አጥንት ባገኝ አጥንት ብዬ እጽፍልሻለሁ። ጨርቅ ባገኝ ቀለሙን እነግርሻለሁ። ባዶ እጄን ብመለስ፣ ባዶ እጄን ተመለስሁ እልሻለሁ፤ ሌላ ቃል አልጨምርበትም። ማክሰኞ ፖስታ ቤቱ ሲከፈት ደጃፉ ላይ ነኝ።

አክስትሽ ፅጌ ማርያም